አይነካም ያልሁት ባቄላ

ጥቅምት 12

ዛሬም ቀኑ ብራ ነው። አገሬ ይፋግ ቢሆን ሩዙ ቢጫ ማለት ጀምሯል። እኔ ግን እዚህ ከተማ፣ ፋሲሎ ሰፈር፣ ልጄ ቤት፣ ቅጠል ለቃሚ ሆኛለሁ።

ፅጌ ማርያም ልጇን ርሆቦትን ከመዋዕለ ሕፃናት አስቀረቻት። መንገዱ አያስተማምንም፣ ዘንድሮ ቤት ትማር አለች። እሷ ክሊኒክ ሥራ ላይ ትውላለች። ማን ያስተምር? እኔ አልሁ። «አባዬ፣ ከከበደዎት ለሸምሲያ እሰጣታለሁ። ሦስት ልጆች ይዛ ታውላለች፣ ድሮም መምህር ነበረች» አለችኝ። ከከበደዎት! ሃምሳ ዓመት ያረስሁ ሰው የአራት ዓመት ተኩል ልጅ ትከብደኛለች?

ወረቀት አመጣችልኝ። ልጅን በተፈጥሮ የሚያስተምር ነው አለች። ቅጠል፣ ድንጋይ፣ ዘር፣ ወፍ... ሥዕል አለው። ከሥዕሉ በታች ፊደል አለ፣ የጤፍ ፍሬ ያህላል። «ላንብብልዎት?» ስትለኝ «መሠረተ ትምህርት የጨረስሁ ሰው ነኝ» አልኋት። የምስክር ወረቀቴ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ። እርግጥ የራሴን ጽሕፈት ነው የማነብ። የሌላ ሰው ሲሆን... ሥዕሉ ይበቃል።

ቅጠል ለቀምን። ርሆቦት ስትጠይቅ ወጥታ ስትጠይቅ ትገባለች። «ቅጠሉ ለምን ቢጫ ሆነ?» እግዜር ስላዘዘው። «ይኼኛውን ለምን አላዘዘውም?» ተራው ስላልደረሰ። «ተራውን ማን ይዞለታል?» ዝም በይ አልሁ። እናቷ እንዲህ አልነበረችም። እንግዳ ፊት አፏን አትከፍትም። ጨዋ ነበረች፣ አገር የሚመሰክረው ነው።

ጥቅምት 14

ሐይቁ ዳር ሄድን። ወረቀቱ ላይ ወፍ አለ። እኔ የማውቀው ማሽላ የሚበላውን ወፍ ነው፣ በወንጭፍ የማባርረውን። የሐይቁን ከየት አውቄ! «አባባ፣ ያ ጥቁሩ ምንድን ነው?» የውሃ ዶሮ። «ያ ረጅም እግሩስ?» የውሃ ዶሮ። «ያ ትንሹስ?» እሱም የውሃ ዶሮ፣ ጫጩቱ ነው።

ታንኳ የሚቀዝፍ አንድ ሰውዬ ሰምቶ «አባት፣ ጣና ሁሉ ዶሮ ብቻ ሆነ?» ብሎ ሣቀ። ይሣቅ። ልጅ ፊት የማያውቅ ሰው ከመምሰል ዶሮ ሆነው ይቅሩ።

ጥቅምት 17

ዛሬ ዘር ነው። ሥዕሉ ብርጭቆ ነው፣ ውስጡ ነጭ ነገር አለ፣ ዳሩ ላይ ባቄላ። ከሥር ያለውን ለማንበብ ሞከርሁ። ባ... ቄ... ላ። ጥ... ጥ። ጥጥ? ባቄላ በጥጥ? እንደ ቁስል? ተውሁት። በብርጭቆ የዘራ ገበሬ ማን አይቷል! የወተት ጣሳ ፈልጌ አፈር ሞላሁ። አምስት ፍሬ ባቄላ፣ አንድ ጣት ጥልቀት። ደንበኛ አዘራር።

«ከእንግዲህ አይነካም» አልኋት።

«እስከ መቼ?»

«እስኪበቅል።»

«ውስጥ ምን እየሠራ ነው?»

«ተኝቷል።»

«እንደተኛ በምን አወቅህ?»

አንተ ትለኛለች። የከተማ ልጅ... ማታ ፅጌ «ዘሩን ሠራችሁ?» አለችኝ። «እንደ ወረቀቱ» አልሁ።

ጥቅምት 19

ቆፍራ አየችው። መልሼ ቀበርሁት። ሁለተኛ እንዳላይ ብያለሁ።

ጥቅምት 20

ይህን እንዴት እንደምጽፈው...

ከጓሮ ስመለስ ጣሳው ተገልብጧል። አፈሩ ደጃፉ ላይ ፈሷል። ርሆቦት አንዱን ባቄላ በመዳፏ ይዛ «አባባ ና! አልተኛም! ነጭ ነገር አውጥቷል! ምንድን ነው?» ብላ ጮኸች። ደስ ብሏት እኮ ነው። ደስ ብሏት። ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ነጩን ነገር አየሁት። ምን እንደምላት አጣሁ። እጄ ቀደመኝ። በጥፊ... ቀላል ናት፣ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ወደቀች። ከቅንድቧ ደም ወጣ።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

አጠብሁላት። ማታ ፅጌ ገና በር ላይ ሆና «ምን ሆነች?» አለች። አፌን ልከፍት ስል ልጅቱ ቀደመችኝ። «ወደቅኩ» አለች። እኔን እኔን እያየች። ውሸት ማን አስተማራት? ወረቀቱ ላይ የለም።

እራቴን በላሁ። ጨርሼ በላሁ።

ጥቅምት 21

ዛሬ ምንም አልጠየቀችም።

ጥቅምት 23

ዛሬም የለም። ድንጋይ ደረደርን፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ። «እሺ አባባ።» «ጨረስኩ አባባ።» ሐይቁ ዳር አንድ ሰማያዊ ወፍ እንደ ጦር ተወርውሮ ውሃው ውስጥ ገባና ዓሣ ይዞ ወጣ። ጠበቅሁ። አሁን ትጠይቃለች አልሁ። እንዴት አየው? ውሃው ውስጥ አይታፈንም? እኔ እንኳ መጠየቅ አማረኝ። እሷ አየችውና ዝም አለች።

ስንመለስ አንዲት የሰፈር ሴት «እንዴት ያለች ጨዋ ሆነችልዎ!» አለችኝ። ጨዋ... ሌላ ጊዜ ቢሆን ደረቴን እነፋ ነበር።

ጥቅምት 24

ፅጌ ድንጋዩ ይነቀል አለች። «ዛሬ ቅንድቧን፣ ነገ ዓይኗን ነው» አለች። ዶማ ተዋሰች። ማን ይንቀለው? እኔ። «ልርዳዎት አባዬ?» አለችኝ። እምቢ አልሁ። እስከ ቀትር ቆፈርሁ። ከላይ ትንሽ ይመስላል፣ ከሥር ግን እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። ርሆቦት በር ላይ ቆማ ታየኛለች። አንድ ቃል አትናገርም። በመጨረሻ ነቅዬ ወደ አጥሩ ጥግ አንከባለልሁት።

«እሰይ! አሁን ልቤ አረፈ» አለች ፅጌ። ውሃ አመጣችልኝ። «ወገብዎን ጎዱት፣ ለእሷ ሲሉ» አለችኝ። ውሃውን ጠጣሁ። ድንጋዩ ምን አጠፋ?

ጥቅምት 25

ሸምሲያ ቤት ሄድሁ። ወረቀቱን በኪሴ ይዤ።

«አባባ ወልደ ጻድቅ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» አለች።

«መነጽሬን ረስቼ ነው። እስቲ ይችን አንብቢልኝ።»

መነጽር የለኝም። ኖሮኝም አያውቅ። ሸምሲያ ታውቃለች፣ ግን ፊቷን እንኳ አልለወጠችም። ልባም ሴት ናት። ቀስ ብላ አነበበችልኝ። ባቄላውን በረጠበ ጥጥ አድርጋችሁ ከብርጭቆው ዳር አስቀምጡ ይላል። አፈር አታልብሱት ይላል። ልጁ በየቀኑ ያንሳው፣ ይንካው፣ ይመልከተው። ነጭ ሥር ሲያወጣ ሲያይ ይጠይቃችኋል፣ መልሱን አብራችሁ ፈልጉ...

«ድገሚልኝ» አልሁ።

«የቱን?»

«ይንካው የሚለውን።»

ደገመችልኝ። ከዚያ «እናንተ ዘንድ ለጠላ የምታበቅሉት ብቅል አይደል እንዴ? ያው እኮ ነው፣ አባባ» አለች።

ብቅል! ወለተ ሩፋኤል ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረው፣ ለየበዓሉ ገብስ ነክራ በቅጠል ትሸፍን ነበር። በሦስተኛው ቀን ገለጥ አድርጋ «ኑ እዩት፣ ጢም አወጣ» ትለኛለች። አንድ ቀን አልሄድሁም። የሴት ሥራ ነው ብዬ። አርባ ዓመት ሙሉ እዚያው ቤቴ ውስጥ፣ ከምተኛበት አልጋ ሥር... እሷ ሁልጊዜ የምታየውን እኔ አፈር አልብሼ ሄድሁ። አሁን ለማን ልንገረው?

ጥቅምት 26

ብርጭቆ፣ ጥጥ፣ ባቄላ። እንደተባለው። ፊቷ አስቀመጥሁት። «እዪ» አልኋት። እጆቿን ወደ ኋላዋ አደረገች።

«አልነካም።»

«መንካት ይቻላል። ወረቀቱም ብሏል።»

«አልነካም አባባ።»

«ያን ቀን የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።»

ወለል ወለሉን ታያለች። አልገባትም ይሆን? ወይስ ገብቷታል? የቅንድቧ ቅርፊት ሊረግፍ ነው። ሲረግፍ ምልክቱም አብሮ ይጠፋል፣ ማን ያውቃል ብዬ አሰብሁ። ይህን ማሰቤ! በዚህ ሽበት።

ጥቅምት 29

ብናገር ለሸምሲያ ትሰጣታለች። ያኔ ቀኔን ምን አደርግበታለሁ? ጠዋት ጫማዋን የማስርላት፣ ሐይቁ ዳር እጇን የምይዛት... ሌላ ምን ቀረኝ? ዝም ካልሁ ደግሞ ልጅቱ የእኔን ውሸት ተሸክማ ታድጋለች። በዚያች ትከሻ።

ነገ እናገራለሁ። ትናንትም ነገ ብዬ ነበር።

ኅዳር 1

ተናገርሁ።

ፅጌ ልብስ እያሰጣች ነው። «ልጅቱ አልወደቀችም፣ እኔ ነኝ የመታኋት» አልሁ። ከጀርባዋ ቆሜ ነው ያልሁት፣ ፊቷን ማየት አልቻልሁም። እጇ ገመዱ ላይ ቆመ። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ።

«ምን አድርጋ?»

«ባቄላውን ቆፍራ። ይህ ነጭ ነገር ምንድን ነው ብላ ጠይቃኝ።»

«ድንጋዩን ሲነቅሉ ያን ሁሉ እያወቁ ነው?»

«እያወቅሁ ነው።»

ሣቅ የመሰለ ነገር ከአፍንጫዋ ወጣ። ሣቅ ግን አልነበረም። ሌላ ሸሚዝ አነሳች፣ ጨመቀች፣ ሰቀለች። ከዚያ ዞር ሳትል «እኔ በሰባት ዓመቴ ነው የተውሁት» አለች።

«ምኑን?»

«እርስዎን መጠየቅ።»

ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ። ልጄ ጨዋ ናት እያልሁ ስኮራበት የኖርሁት... ቤተ ዘመድ ፊት፣ ሠርግ ላይ፣ እናቷ ቀብር ላይ እንኳ... ያ ሁሉ ጨዋነት ጥፊ ነበር?

ኅዳር 2

ጠዋት እጇን ይዛ ወደ ሸምሲያ ወሰደቻት። በር ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው። ተገቢ ነው። ፅጌ አልተቆጣችኝም፣ ምሳዬን ሸፍናልኝ ሄዳለች። ያ ነው የባሰ።

ኅዳር 4

ወደ ገበያ እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁ። ምን የምገዛው ነበረኝ? በሸምሲያ አጥር አለፍሁ። ድምፅ ሰማሁ። «ጉንዳኑ ከእሱ የሚከብደውን እንዴት ተሸከመ? ቤቱ የት ነው? እናት አለው?» የእኔዋ ናት። አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን። ሸምሲያም «እስቲ ተከትለን እንየው» ትላለች።

ጥያቄዋ አልደረቀም። ከእኔ ብቻ ነው የሸሸ። አጥሩን ይዤ ትንሽ ቆምሁ። መንገደኛ «ደኅና ነዎት አባት?» ሲለኝ ደኅና ነኝ ብዬ ሄድሁ።

ኅዳር 6

ብርጭቆው ውስጥ ያለው በቀለ። ብቻዬን አየሁት። መጀመሪያ ሥሩ ነው የወጣ፣ ወደ ታች። ቡቃያው ኋላ ነው የመጣ። ሃምሳ ዓመት ስዘራ ይህን አላየሁም። ርሆቦት የትኛው ይቀድማል ብላኝ ቢሆን ቡቃያው ብዬ እምልላት ነበር።

ማታ የቀሩትን ወረቀቶች ለፅጌ ሰጠኋት። «አንብቢልኝ፣ እኔ አልችልም» አልሁ። እንደ እሾህ ነው ከጉሮሮዬ የወጣ። አጠገቤ ተቀምጣ አነበበችልኝ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። መምህሬ መስላ ሳይሆን ልጄ ሆና።

ኅዳር 9

ፅጌ ዛሬ ዕረፍት ናት። ሁላችንም ቤት ነን። ርሆቦት ወለሉ ላይ ጠጠር ትደረድራለች። ፅጌ ምስር እየለቀመች ነው። ድንገት ቀና ሳትል «አባዬ፣ ያን ቀን ለምን መቱኝ?» አለችኝ።

የትኛውን ቀን? አላስታወስሁም። እሷ ሠላሳ ዓመት ይዛው እኔ አላስታወስሁም...

ነገረችኝ። የክረምቱ ውሃ ከሜዳው ሲሸሽ ነው። ቤት ሽማግሎች ተቀምጠዋል። እሷ ጭቃ በጭቃ ሆና ገብታ «አባዬ፣ ውሃው ሲሄድ እንቁራሪቶቹ የት ይገባሉ?» አለችኝ። አሁን አስታወስሁ። አንደኛው ሽማግሌ «መልስላት እንጂ!» ብሎ ሣቀ። ሁሉም ሣቁ። ከዚያ ተነሣሁ።

እንግዳ ፊት ስለደፈርሽ ነው ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብላትም ታምነኝ ነበር።

«አላውቅም ነበር፣ ልጄ» አልሁ። «እንቁራሪት የት እንደምትገባ አላውቅም ነበር።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እኔ ምን አጥፍቼ ይሆን ስል...» አልጨረሰችውም። ሰፌዱ ላይ አቀረቀረች።

ርሆቦት ጠጠሯን ትታ «እማዬ፣ አሁንም አያውቅም?» አለች። እናቷን ነው የጠየቀች። እኔን አይደለም። አልከፋኝም... ከፍቶኛል፣ ግን ያመጣሁት እኔ ነኝ። «አሁንም አላውቅም» አልሁ። ጎንበስ ብዬ፣ ለእሷ። ትንሽ አየችኝና ወደ ጠጠሯ ተመለሰች።

ፅጌ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ሌላም አለኝ» አለች።

«ስንት ነው?»

«የሠላሳ ዓመት ነው፣ አባዬ።»

በርጩማዬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።