ልቤ ያሳበቀብኝ ቀን

ተሾምዬ፣ የኔ ጌታ፤

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሞላ። ዛሬ ግን ደስ ብሎኛል፤ ላጫውትህ ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ቤታችን ማራገቢያ ገብቷል። ሙቀቱን ሳማርር ደብረ ብርሃን ልዳርሽ ትለኝ አልነበር? በቃ፣ ቀረ። ልጃችን ብርቱካን ደግሞ ባጃጅ መንዳት ለምዳለች፤ ሸዋሮቢት ገበያ የምታደርሰኝ እሷ ናት።

ይልቅ ዋናውን ልንገርህ። የሐሞት ጠጠር አለብሽ ተብዬ ኦፕራሲዮን ተደረግኩ። አዎ፣ እኔ ፈሪዋ! አንተ ኦፕራሲዮን ላይ ሳለህ ግፊትህ ወርዶ አልመለስ ካለ ወዲህ፣ ማደንዘዣ ሲባል ሐኪም ቤት አልሄድም እል ነበር። ጊዜው ፍልሰታ ነው። እመቤቴ እንድታተርፈኝ ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ሰነበትኩ። ሐኪሙ ያዘዘኝ ከእኩለ ሌሊት ወዲህ እንዳልበላ ብቻ ነበር፤ እኔ ከራሴ ጨመርኩበት። ለብርቱካንም አልነገርኳትም።

የማደንዘዣ ባለሙያዋ ለጋ ልጅ ናት። ትናንት ውሃ ጠጥተዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ጠጥቻለሁ አልኳት። አትቆጣኝ! ከዚያ ደረቴን ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ በአልትራሳውንድ ልቤን አየችው። እኔም አየሁት፤ ተሾምዬ፣ እንዴት ይሮጣል መሰለህ! ልጅቱ ግን ደጋግማ አየችው። ቀጥላ፣ ልቤ ደህና እንደሚመታ፣ የሚረጨው ደም ግን እንዳነሰው፣ እንዲህ እንዳለሁ ብታስተኛኝ ግፊቴ እንደሚወርድ ነገረችኝና፣ እማማ፣ ውሃ ከጠጡ ስንት ቀንዎት ነው አለችኝ። የገዛ ልቤ አሳበቀብኝ እኮ! ለንስሐ አባቴ እንደምናዘዘው ሁሉን ዘረገፍኩላት። ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። ኦፕራሲዮኑን አዘግይታ ጉሉኮስ አደረገችልኝ፤ ልቤን ደግማ አይታ ነው ያስተኛችኝ። ስነቃ፣ ግፊቴ አንዴም እንዳልወረደ ብርቱካን ከባለሙያዋ ሰምታ ነገረችኝ።

ለአንተም ያኔ እንዲህ አስቀድሞ ያየልህ ቢኖር ብዬ አለቀስኩ፤ አልዋሽህም። ወዲያው ግን ያ ቅዳም ሹር ትዝ አለኝ። አክፍዬ ከገበያ ስመለስ መንገድ ላይ ወድቄ፣ ከዶሮዎቹ ጋር አህያ ላይ ጭነህ እየሳቅህ ያመጣኸኝ! ስፌቴን በእጄ ይዤ ሳቅኩ፤ አሳመመኝ፤ ደግሜ ሳቅኩ።

እውነቱን ልንገርህ? ሆስፒታል ከመግባቴ በፊት፣ ወደ አንተ መምጣቴ ነው ብዬ ነጭ ነጠላዬን አጥቤ አስቀምጬ ነበር። አሁን ለብርቱካን ሰርግ ልለብሰው ነው። ዝክርህን በየዓመቱ እደግሳለሁ፤ ስምህ ከአፌ አይጠፋም፤ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳህም። አንተ ግን ቶሎ ነይ አትበለኝ፤ መኖር አምሮኛል።

ያንተዋ አስካለ