ሁለት ሜትር ስለተራመደው ኩሽናዬ

ይድረስ ለተከበሩ የሰፈራችን የግንባታ ቁጥጥር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወንበርዎ፣ ማኅተምዎ፣ ሁልጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚሉት ጸሐፊዎስ ደህና ናቸው? እኔ ጡረተኛው መምህር ወልደ ሚካኤል፣ እዚሁ ሴቻ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት በግል የላክሁልዎ አምስቱ መዝገብ ቤት ውስጥ ተመቻችተው ስለተኙ፣ እንቅልፋቸውን ላለመረበሽ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልግለጽ። ባለቤቴ ወርቂቱ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። አንዲት ልጃችን ሉሊት ሐዋሳ ነው ትዳሯ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለመስቀል መጥታ የኩሽናችን ጭስ ሕፃን ልጇን ሲያስለው ሰነበተና፣ ስትሄድ «አባዬ፣ ኩሽናው ሲታደስ እንመጣለን» አለችኝ። ቃሏን ይዤ፣ የጭስ መውጫ፣ የሲሚንቶ ወለልና የዕቃ ማጠቢያ ላስገባለት ብዬ እርስዎ ደጅ ፈቃድ ልጠይቅ መጣሁ። አቤቱታዬ ከዚህ ይጀምራል።

፩ኛ. የላኩልኝ ተቆጣጣሪ አቶ አጵሎስ ሜትራቸውን ዘርግተው ለኩና፣ ኩሽናው ለጎረቤት አጥር ስለተጠጋ ሁለት ሜትር እንዲርቅ፣ ከዚያ በኋላ እድሳቱ እንደሚፈቀድ ጻፉልኝ። እኔ የዶርዜ ሰው ነኝ። ኩሽናዬም ወርቂቱ እንደ አገሯ ካልሆነ ብላ ያሠራችው የቀርከሃ ጎጆ ነው። እኛ ዘንድ ቤት ይራቅ ከተባለ አይፈርስም፤ ሰው ተጠርቶ፣ እንዳለ ተነሥቶ፣ በትከሻ ተይዞ ይዛወራል። መመሪያዎን እንዲሁ ተረድቼ ዘመዶቼን ከዶርዜ ጠራሁ። ሃያ ስድስት ሰው መጣ። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ ጨዋታው ግን እስከ ማታ ዘለቀ። ከወርቂቱ ቀብር ወዲህ ግቢዬ በሰው የሞላው ያን ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ አመሰግንዎታለሁ፤ ይህቺኛዋ ምስጋና እንኳ ሽሙጥ የለባትም።

፪ኛ. በማግስቱ ወለሉን ሲሚንቶ ማልበስ ስጀምር አቶ አጵሎስ መጥተው፣ ኩሽናውን ከነበረበት ስላጡት «ነባር ቤት ያለ ፈቃድ ማፍረስ»፣ ከሄደበት ስላገኙት ደግሞ «አዲስ ቤት ያለ ፈቃድ መሥራት» ብለው ሁለት ጥፋት መዘገቡብኝ። በሩን ቀይ ቀለም ቀብተው ሥራው እንዲቆም አዘዙ። ወለሉ ግማሹ ሲሚንቶ፣ ግማሹ አፈር እንደሆነ አራት ወር ቆየ።

፫ኛ. ቤቱን ተሸክመን እንዳዛወርነው ማስረጃ አምጣ ስላሉኝ፣ ከተሸከሙት መካከል ሦስት ሽማግሌዎች ይዤ ቀረብሁ። ሽማግሌ ሰነድ እንዳልሆነ ተነገረኝ። በዚህ ዕድሜዬ የማላውቀውን ስላስተማሩኝ፣ እንደ መምህርነቴ፣ እጅ እነሣለሁ።

፬ኛ. መስቀል ደረሰ። በጋሞ ምድር ያን ሰሞን ቤተሰቡ ዘንድ የማይገባ ሰው እንደሌለ እርስዎም ያውቃሉ፤ ቢሮዎን ቆልፈው ወደ ቤተሰብዎ እንደሄዱ ጥበቃው ነግሮኛልና እንኳን አደረሰዎ። ሉሊት ደውላ ኩሽናው አልቆ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላለቀም አልኳት። እንግዲህ ለከርሞ ይሁና አለች። እኔም በረንዳ ላይ ከሰል አያይዤ ለራሴ ሻይ አፈላሁ፤ የጎረቤቶቼን ጭፈራ በአጥሩ ላይ እየሰማሁ ዋልኩ። ከፍቶኝ ነበር፤ ይህን በትሕትና ላስጌጠው ብሞክርም አልሆነልኝም።

ፈቃድዎ መስቀል ባለፈ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደረሰኝ። አሁን ሁሉም ነገር አልቋል። ወለሉ ለስልሷል፣ ጭሱ ሽቅብ ይወጣል፣ ውሃውም ሲመጣ ይመጣል። በአዲሱ ማጠቢያ በየቀኑ አንድ ሳህንና አንድ ብርጭቆ አጥባለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ ለመስቀልም ቤት ሙሉ ሰው እየተመኘሁልዎ፣ በአንድ ማለዳ ሁለት ጥፋት የፈጸምኩ ታዛዥዎ፣

ወልደ ሚካኤል፣ ከሴቻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በፈቃዱ ላይ ስሜ ተሳስቷል፣ የቤት ቁጥሩ የጎረቤቴ ነው፣ ኩሽናውም «ሱቅ» ተብሏል። እንዲታረም አላስቸግርዎትም። «በኩሽናው የሚገለገል ሰው ብዛት» በሚለው ቦታ ግን፣ እኔ ማመልከቻው ላይ ራሴን፣ ሉሊትን፣ ባሏንና ልጇን ቆጥሬ «አራት» ብዬ ነበር፤ እናንተ «አንድ» ብላችሁታል። ከወረቀቱ ሁሉ ትክክል የሆነው እሱ ብቻ ነው።