ወራሪዎቹ አባጨጓሬዎች ነበሩ

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጽሕፈት ቤት
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የጎረቤቴ የአቶ ወዬሳ ሮቤራ ቤት እንዳይፈርስ ስለመጠየቅ

ዛሬ ጠዋት በጎረቤቴ በአቶ ወዬሳ ሮቤራ ቤት ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት ተደርጓል። አቶ ወዬሳ መንጋጋቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። የግራ ዓይናቸው ይትረፍ አይትረፍ ሐኪሞቹ ገና አልነገሩንም።

እኔ አመልካች ሸዋገነት አምላኩ ከአየር ጤና ወረድ ብሎ በሚገኘው ሰፈር ከአቶ ወዬሳ ጋር በአንድ አጥር የምንዋሰን ነዋሪ ነኝ። የዚህ ሁሉ መነሻ የእኔ የስልክ ጥሪ ስለሆነ የሆነውን በአክብሮት አስረዳለሁ።

1. ክረምቱ እንደወጣ በአቶ ወዬሳ ብሳና ላይ የተፈለፈለው አባጨጓሬ የዛፉን ቅጠል ሲጨርስ አጥሩን ተሻግሮ ግቢዬ ገባ። ሁለቱን አቮካዶዎቼንና የኮክ ዛፌን ግንድ ብቻ አስቀራቸው። ፀጉሩ የነካው ቆዳ ስለሚያብጥ ልብስ ማስጣት አቆምን። መድኃኒት የሚረጭ ባለሙያ እንዲላክልኝ ወደ ወረዳው ደወልኩ።

2. ስልኩን ላነሳው ሰው «ግቢዬ ተወረረ» አልኩት። «ከየት መጥተው ነው?» አለኝ። «ከአቶ ወዬሳ ግቢ፣ በአጥሩ ላይ እየተሻገሩ።» «ስንት ይሆናሉ?» «ኧረ የትየለሌ ናቸው ልጄ! ያለኝን በሉብኝ።» «አይዞዎት እናቴ፣ ኃይል እንልካለን» አለኝ። አባጨጓሬ ብዬ ስሙን የጠራሁ መስሎኝ ነበር፤ አልጠራሁም። በዚህ ከተማ ወረራ ሲባል መሬት ብቻ እንደሚታሰብም ልብ አላልኩም።

3. በማግስቱ ዱላና ድጅኖ የያዙ የግብረ ኃይል አባላት መጡ። መድኃኒት ረጪዎቹ መስለውኝ «መርጫውስ?» አልኳቸው። «መጀመሪያ ወራሪውን ያሳዩን» ሲሉኝ በጣቴ ወደ ብሳናው አመለከትኩ። አቶ ወዬሳ ከሥሩ ቆመው ነበር።

4. በራቸውን በእርግጫ ገንጥለው ገቡ። አቶ ወዬሳ «ምን አጠፋሁ?» ብለው ሳይጨርሱ ፊታቸውን በዱላ ተመቱ፤ ከወደቁም በኋላ ተረገጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ከበደች ሊከልሏቸው በላያቸው ሲወድቁ በፀጉራቸው ተጎተቱ። አጥሩ በድጅኖ ፈረሰ። እኔ «አባጨጓሬ ነው! አባጨጓሬ ነው!» እያልኩ ስጮህ አንደኛው ስድብ መስሎት «ማንን ነው አባጨጓሬ የምትዪው?» ብሎ በዱላው ጫፍ ደረቴን መታኝ።

5. በመጨረሻ ብሳናው ሲቆረጥ በቅርንጫፎቹ ላይ የቀረው አባጨጓሬ በአባላቱ አንገት ላይ ረገፈ። አንገታቸው ያበጠው «ተጠርጣሪው ኬሚካል ረጭቶብን ነው» ተብሎ አሁን በአቶ ወዬሳ ላይ ክስ ቀርቧል። ጠቋሚዋ ደግሞ እኔ ነኝ ተብሏል።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ ወይዘሮ ከበደች «ሸዌ፣ መሬቱን ፈልገሽው ከሆነ ምነው ለእኔ ብትነግሪኝ?» አሉኝ። የደወልኩት ስለ አባጨጓሬ ነው ብላቸው «አባጨጓሬ ዱላ ይዞ አይመጣም» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ስለዚህ አቶ ወዬሳ ስንዝር መሬቴን እንዳልነኩ ታውቆ ቤታቸው እንዳይፈርስ፣ የቀረበባቸው ክስ እንዲነሳ፣ የደበደቧቸውም አባላት ተለይተው በሕግ እንዲጠየቁ እለምናለሁ። ቃሌን የሚጠራጠር ካለ የግብርና ባለሙያ ይላክና አቮካዶዎቼን ይመልከት፤ ወራሪዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው።

የማፍረሱ ጉዳይ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት በኮሚቴ እንደሚወሰን ሰምቻለሁ። ለመመስከር ከስብሰባው በር ላይ እገኛለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር
ሸዋገነት አምላኩ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ከበደች
ባሉበት