የታሜ አንደኛ ምርጫ

ሰኞ፣ ነሐሴ 7 ቀን 1999

ውሃ! አንደኛ ምርጫው ውሃ ምህንድስና፣ ያውም እዚሁ አርባ ምንጭ። የሰማሁት ከራሱ ከታሜ አይደለም፤ ከጓደኛው ከብሩክ ነው። የቆሮሶ አሳ ቅርፊት እየፋቅኩ ሳለ በማድ ቤቱ መስኮት ብቅ ብሎ፣ «እቴቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፤ ታሜ እኮ ከአንቺ አይርቅም» ብሎኝ ሄደ። ቢላዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ወንድሜ ታምራት አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። እናታችን ስታርፍ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አባታችን ከእሷ ቀድሟል። እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርቱን ተውኩና ሲቀላ ሰፈር፣ ወይዘሮ ብዙነሽ አሳ ቤት ገባሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣሁም።

አሁን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ውጤቱ መጣ። የፈለገበት የሚያስገባው ውጤት ነው። ልጆቹ «የምትማሩትን ትምህርትና ዩኒቨርሲቲውን በቅደም ተከተል ቅጹ ላይ ሞልታችሁ እስከ ዓርብ አስረክቡ» ተብለዋል።

ውሃ መጥፎ ሆኖ አይደለም። አገሩ ሁሉ ውሃ ሊማር ወደዚህ ይመጣል፤ ከጎጃም ከትግራይ ለመጣ ተማሪ አሳ ስጠብስ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ግን ታሜ የሞተር ልጅ ነው። ሰፈራችን ያለው የወፍጮ ሞተር ሲያስል፣ አልጋው ላይ ሆኖ «ናፍጣው ውስጥ አየር ገብቷል» የሚል ልጅ። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ መካኒካል ነው፣ ባሕር ዳር ነው፣ ሌላ ወሬ የለውም። ለምን ባሕር ዳር እንደሆነ እንጃለት። ሐይቅ ለምዶ ይሆናል።

እውነቱን ልጻፍ፣ የሚያየው የለም። ብሩክ ሲነግረኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አይሄድም፣ አይሄድም፣ አይሄድም። አንድ ሳፋ አሳ እስክጨርስ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በራሴ አፈርኩ።

ማክሰኞ

ፍልሰታ ስለሆነ ሥራ ገደለን። ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ጿሚው ሁሉ እኛ ጋ ነው። አሳ በጾም ይበላል አይበላም እያሉ እየተከራከሩ ሳህኑን ልሰው ይሄዳሉ።

ማታ ስገባ ጠየቅኩት።

«ምን ልትሞላ አሰብክ?»

«ገና ነው።»

«ውሃ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«ውሃ ጥሩ ሥራ አለው» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ።

«ሞተሩስ?»

«እሱማ ልጅነት ነው።»

ልጅነት! ትናንት ከወፍጮ ቤት በዘይት ተለቅልቆ የመጣው ታዲያ ማን ነው? ሸሚዙን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጮህኩበት። እሱ ሲጮሁበት አይመልስም፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል። ሊወጣ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለና፣ «አንቺን ለማን ጥዬ ነው የምሄደው?» አለኝ።

የታጠበውን ድስት እንደገና አጠብኩ።

ለእኔ ሲል ነው እንግዲህ። አሥራ አንድ ዓመት ያሳደግኩት እኔን እንዲጠብቅ ነው? ዘበኛ ብፈልግ ውሻ አሳድግ ነበር።

ረቡዕ

አጎታችን ማርቆስ ከካምባ ወረደ። ባለፈው ሳምንት የውጤቱን ወሬ ስልክለት ናና ምከረው ብዬው ነበር፤ ትልቅ ሰው ሲናገር ይሰማል ብዬ። ቆጮ ይዞልን መጣ። ቅቤም ይዟል፤ ጾሙ ሲፈታ ትበላላችሁ አለ። ቤቱ በቅቤው ሽታ ሞላ፣ እናታችን ያለች መሰለኝ።

አጎቴ አማርኛው ሲጣደፍበት እኔን አንተ ይለኛል። ወይዘሮ ብዙነሽም ሰላም ልትለው መጥታ ተቀምጣለች። ታሜን ይመክርልኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ ዞረ።

«ስማ ልጄ፣ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ያለህ ወንድም አንድ ነው። ሰው አገር ቢታመም ማን ያስታምመዋል? አንተስ ብትታመም? ውሃ ይማር፣ እዚሁ ይግባ፣ ይውጣ። አለቀ።»

ወይዘሮ ብዙነሽ «እውነታቸውን ነው» አለች። ታሜም ራሱን ነቀነቀ። ይሄኔ የወፍጮው ሞተር ተነሳ። ታሜ ሳያስበው ጆሮው ወደዚያ ሲሄድ፣ ፊቱም ትንሽ ሲፈታ አየሁት። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት።

አጎቴን ስሸኘው፣ «ዓይን የሚጠበቀው እኮ እንዲያዩበት ነው፣ አጎቴ» አልኩት። ሳቀ። «ይሄ ምላስ የእናትህ ነው» አለኝና መኪናው ላይ ወጣ። የእሱ ነገር እንዲህ ነው፤ ሊረዳኝ መጥቶ ብቻዬን አስቀረኝ።

የቀረኝ አንድ ቀን ነው።

ሐሙስ

ዋሸሁት።

መስፍን የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ከጫኖ ሙዝ እየጫነ አዲስ አበባ ይወጣል። አግቢኝ እያለ ሦስት ዓመት ለምኖኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ «ልጁ ትምህርቱን ይጨርስ» አልኩት። ታሜ በጣም ይወደዋል፤ መኪናው ሲቆም ሞተሩን ከፍቶ ያሳየው ነበር። ለታሜ ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። መስፍን ከፋሲካ በኋላ አግብቷል፣ የምዕራብ ዓባያ ልጅ። ረዳቱ አሳ ሊበላ መጥቶ ነው የነገረኝ። «እሰይ፣ ደግ አደረገ» ብዬ ሎሚ ጨመርኩለት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አልፈርድበትም፤ ሰው ስንት ዓመት ይጠብቃል? ግን አለቀስኩ። ሽንኩርት ስከትፍ ነበር የማለቅሰው፤ ማንም ምን ሆንሽ አይልም።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ታሜን አስቀመጥኩት።

«ስማኝ። መስፍን አሁንም እየጠበቀኝ ነው። አንተ እዚህ ከቀረህ እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም። አንተን ሳበላ ላርጅ? እኔም ትዳር እፈልጋለሁ። ሂድልኝ።»

ሂድልኝ ስል አንደበቴ አልተያዘም። እንዴት እንዳልተያዘ አላውቅም።

ፊቴን አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ።

«መስፍንን ልታገቢ ነው?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«ለጥር» አልኩ። ጥርን ከየት እንዳመጣኋት እንጃ!

«እሺ» አለና ተነስቶ ወደ ወፍጮ ቤት ሄደ። እኔም ሥራዬ ገባሁ። ዘይቱ ሁለት ጊዜ አረረብኝ፤ ወይዘሮ ብዙነሽ ተቆጣች።

ዓርብ

ሞላ! መካኒካል፣ ባሕር ዳር፣ አንደኛ ምርጫ። ብሩክ አብሮት ስለነበር በዓይኔ አየሁ ብሎ ምሎልኛል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቅጹን ተረክቧቸዋል።

አሸነፍኳቸው። አጎቴንም፣ ወይዘሮ ብዙነሽንም፣ እሱንም። መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ፤ አንዱ ባጃጅ ነጂ «ምነው እህቴ፣ ሎተሪ ደረሰሽ?» አለኝ።

የሚያስፈልገው፦ ሻንጣ። ብርድ ልብስ። ነጠላ ጫማ። በሶ፣ ብዙ በሶ። ሹራብ (ባሕር ዳር እንደኛው ሞቃት ነው ይላሉ፤ ቢሆንም ይያዝ)። የእናታችን ፎቶ፣ ያለችን አንዷ። እሱ ይውሰዳት። አይ፣ ትቅር። አይ፣ ይውሰዳት።

ከእንግዲህ ማንን ነው የምቆጣው?

ቅዳሜ

ሥራ። ብዙ አልጽፍም። ታሜ ስለ ጥር ይጠይቀኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጠየቀም። መስኮቱን ጠገነ፣ የተቃጠለውን የመብራት ማከፋፈያ ፈትቶ ሠራ፣ የሚንቀጠቀጠውን አግዳሚ ቸነከረ። ከመስከረም በፊት የማይሄድ ልጅ ዛሬውኑ የሚሄድ ይመስል ነበር።

እሑድ

ከቅዳሴ ስንመለስ ከሴቻ ወደ ሲቀላ በእግራችን ወረድን። ሐይቁ ጥርት ብሎ ይታያል። የዋሸ ሰው ዝም ማለት አይችልም፤ እኔም አላስችል አለኝና «መስፍን ሰላም ብሎሃል» አልኩ።

ታሜ ቆመ።

«እቴቴ፣ ይብቃሽ።»

«ምኑ?»

«ከፋሲካ በኋላ ከወፍጮ ቤቱ ሰዎች ጋር የሠርግ ጄኔሬተር ይዘን ምዕራብ ዓባያ ሄደን አልነበር? የመስፍን ሠርግ ነበር። ስንደርስ ነው ያወቅኩት። መብራቱን ያበራሁለት እኔ ነኝ።»

መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ በነጭ ልብሴ። እኔ እንዳይከፋው ብዬ ስደብቀው፣ እሱ ደግሞ እንዳይከፋኝ ብሎ ሲደብቀኝ ከርሟል። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ማዕድ እየበላን።

«ውሃ ያልኩት ከዚያ ወዲያ ነው» አለ። «መስፍን ካለ ብቻሽን አትቀሪም ብዬ ነበር እኮ ሳልሰጋ ባሕር ዳር ባሕር ዳር የምለው።»

«ታዲያ ካወቅክ ለምን መካኒካል ሞላህ?»

ከቤተክርስቲያን የሚመለሱ እናቶች እያዩን አለፉ።

«አንቺ ዋሽተሽ አታውቂም» አለ። «ሐሙስ ዕለት ‹ለጥር› ስትይ ፊትሽን አየሁት። እንዲህ እስክትዋሺ ድረስ ከፈለግሽው፣ ብቀር ይቅር አትይኝም ብዬ ፈራሁ።»

አለቀስኩ፣ ያለ ሽንኩርት። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠና ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለልኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ዳይሬክተሩ ቅጹን እስከ ነገ ሰኞ ወደ አዲስ አበባ አልክም ብሏል። ጠዋት ሄጄ ብለምነው ይቀይርልኛል። ልለምነው?» አለኝ።

«እንዳታደርገው!» አልኩት።

ቤት ገብተን ምሳ በላን። አሁን ወፍጮ ቤት ነው፤ እሑድም ሆኖ ሞተሩን ፈታተው እየጠገኑ ነው፣ ሲስቅ ከዚህ ይሰማኛል። ስለ ነገው ምንም አላለኝም። ነገ ጠዋት ሄዶ እንዳይለምን እፈራለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲለምንም እመኛለሁ።