አሥራ ሦስተኛው ሰው

ለወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉሮሮህስ ተሻለው? በቴሌቪዥን ሳይህ ድምፅህ ተዘግቶ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ስትለፈልፍ ከርመህ ባይዘጋ ነበር የሚገርመኝ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ሲጠና ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ የሚወራ ነገር የለብኝም። የከተማችን የኦርዴል ሰውም ደህና ነው። በረዶው በዝቶ ትምህርት ቤቱ ሁለት ቀን ተዘግቶ ስለ ነበር ለልጆቹ የሠራሁት ሾርባ ተረፈና ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጠሁት።

ደብዳቤህ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ በእጅህ የጻፍህልኝ ይኸው አንዱ ነው። ስለ ጤናዬ የሚጠይቅ መስመር የለበትም። የፈለግኸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በተወለድህበት ከተማ አሥራ ሁለት ሰው ሲቆምልህ አሥራ ሦስተኛው የት ሄደ? «ስሙን ብቻ ስጪኝ፤ የዘመቻዬ ሰው ዶይል እንደሆነ አፉን ዘግቷል» ብለሃል። እሺ፣ እነግርሃለሁ። ግን ስም ብቻ ነጥዬ ልሰጥህ አልችልም፤ የሆነውን እንደሆነ ስማው።

እዚህ አዮዋ ላይ ከሦስቱ ቀዳሚዎች አንዱ ካልሆንህ፣ በስምንተኛው ቀን በሚመርጠው ኒው ሃምፕሻየር ላይ ማንም ዞር ብሎ እንደማያይህ የአንተው ሰዎች ለጋዜጠኞች ሲናገሩ አንብቤአለሁ። ይህን የሚያህል አገር ፕሬዚዳንት ልምረጥ ብሎ ሲነሣ አስቀድሞ የእኛን አሳማ አርቢዎች የሚጠይቀው ለምን እንደሆነ እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የእኛም ሰው ተበላሽቷል። የፖስታ ቤቷ ማርቪስ ባለፈው መስከረም አንዱን ተወዳዳሪ፣ «ልጄ፣ ገና ሁለቴ ነው የተጨባበጥነው፤ በሁለት ጊዜ ሰው ይታወቃል እንዴ?» አለችው። የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ ግን አልቀለደችም። ታኅሣሥ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ የደጇን በረዶ ጠረገላት። ከዚያም ለሌላ ሰው ቆመች። በእንዲህ ያለ ሰው ፊት የምትለማመጡ እናንተ ደግሞ ከእኛ ትብሳላችሁ።

አንተም በጥቅምት መጣህ፤ ስምህ በጎኑ በተጻፈበት አውቶቡስ። ያደግንበትን ቤት ለካሜራ ፈለግኸው። የገዙት ሰዎች የሰቀሉትን የሳተላይት ሳህን ድህነታችንን እንዳያበላሽብህ አስወረድህባቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠህ እናታችን ትጋግረው ስለ ነበረው የበቆሎ ዳቦ አወራህ። እናታችን በዕድሜዋ የበቆሎ ዳቦ ጋግራ አታውቅም። እኔ አውቶቡሱ ሲያልፍ ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት በመስኮት አየሁት። ሁለት መቶ ሃያ ልጆች ምሳ እየጠበቁኝ ስለ ነበር መውጣት አልቻልሁም። አንተም አልቆምህም። ለገና ግን ፎቶግራፍህ ያለበት ካርድ ደረሰኝ፤ «ለውድ ደጋፊያችን» ይላል። ፊርማህን በምራቅ ባረጠበ ጣቴ አሸሁት፤ አልለቀቀም፤ የታተመ ነው።

እናንተ ዘንድ ሰው ሁሉ ቁጥር አለው። ዶይል የመራጮቹን ስም ዝርዝር ኋላ አሳየኝ። አንድ ማለት የእኛ ነው፣ ያለ ጥርጥር ይቆምልናል ማለት ነው፤ አምስት ማለት ጊዜ አታጥፉበት ማለት ነው። እኔ አንድ ነበርሁ። ማንም ጠይቆኝ አይደለም፤ እህቱ ናት ተብሎ ተሞላ። አንድ የተባለ ሰው ደግሞ ስልክ አይደወልለትም፣ በሩም አይንኳኳም። ለማርቪስ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላችሁላታል። ሁለት ለተባሉት ኬክ ይዛችሁ ቤታቸው ድረስ ሄዳችኋል። እኔን «ለማን ነሽ?» ያለኝ የለም። የኦርዴል ሰው ሳይጠየቅ አይቆምም። ይህን ከሌላ ቦታ የመጡት ተቀናቃኞችህ እንኳ ሲያውቁት፣ እዚሁ ያደግኸው አንተ ረሳኸው።

የኮከሱ የምርጫ ስብሰባ ዕለት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሰው በትምህርት ቤቱ መመገቢያ አዳራሽ ተሰበሰበ። እንደምታውቀው ድምፅ መስጫ ሣጥን የለም፤ የሰውዬህ ስም በተለጠፈበት ጥግ ሄደህ ትቆምና ጎረቤቶችህ እያዩህ ትቆጠራለህ። ሰማንያ አራት ነበርን። ከመቶ አሥራ አምስት እጁን ያልያዘ ጥግ ይፈርሳል፤ ሰዎቹም ወደ ሌላው ይበተናሉ። ለአንተ አሥራ ሦስት ሰው ያስፈልግ ነበር። የጥግህ አለቃ ዘር ሻጩ ዶይል የአንተን ቲሸርት በሹራቡ ላይ ደርቦ ቆጠረ። አሥራ ሁለት። ሰዎቹን በተራ አሰልፎ እንደገና ቆጠረ። ያው አሥራ ሁለት። ከዚያ አዳራሹን ሲቃኝ እኔን በወተት ማቀዝቀዣው አጠገብ፣ ያልወሰኑ ሰዎች በሚቆሙበት ብቻዬን አገኘኝ።

«ሎርና፣ ጥግ ተሳስተሻል» አለኝ እየሳቀ።

አልተሳሳትሁም አልሁት።

«ኧረ ተይ! ወንድምሽ እኮ ነው!»

ወንድሜ መሆኑን አላጣሁትም፤ ቁሚልኝ ያለኝ ግን የለም አልሁት። ማርቪስ ከማዶ ሰምታ፣ «እሰይ! ነይ ወደዚህ፣ እኛ ዘንድ የኦቾሎኒ ብስኩት አለ!» ብላ ጮኸች። «የገዛ እህቱን ማሳመን ያቃተው ሰውዬ ኮንግረስን ሊያሳምን!» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

የዶይል ፊት ቀላ። ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ፣ «ነገሩ የመጠየቅ ከሆነ እሱ ራሱ ይጠይቅሽ» አለና ስልኩን አወጣ። ያን ሰዓት አንተ ሆቴልህ ተቀምጠህ ከየአዳራሹ የሚደወልልህን ትቀበል ነበር። «አንድ ሰው ጎድሎናል፤ ያልወሰነች ሴትዮ አለች፣ አናግራት» አለህ። እህትህ ናት አላለህም። ለምን እንደሆነ ኋላ ስጠይቀው፣ «አፈርኩ። ደግሞ ድምፅሽን ሲሰማ ያውቅሻል ብዬ ነው» አለኝ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ስልኩን ስቀበለው ወደ ጥግህ ልሻገር ቦርሳዬን ከወንበሩ ላይ አንሥቼ ይዤ ነበር።

ሃሎ አልሁ።

«እመቤቴ፣ ጊዜዎን ስለሰጡኝ በጣም አመሰግናለሁ» አልኸኝ።

ደህና ነህ? አልሁህ።

«ከኦርዴል ሰው ጋር እያወራሁ እንዴት ደህና አልሆንም!» ብለህ ሳቅህ። ወዲያው ታሪክህን ጀመርህ። «እዚያው ከተማ፣ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ፣ እህቴን ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እናታችንን ለማስታመም ትምህርቷን ትታ ነበር። ፊደሉ የገባት ቀን እንዴት እንዳለቀሰች እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። እኔ የምወዳደረው ለእሷ ዓይነቶቹ ሰዎች ነው፣ እመቤቴ» አልህ።

እሷ አሁን የት ናት? አልሁህ።

«እዚያው ናት። ዛሬም ከጎኔ ቆማለች» አልህ።

አመሰግናለሁ ብዬ ስልኩን ለዶይል መለስሁለት። ቦርሳዬንም ወንበሩ ላይ መልሼ አስቀመጥሁ።

የጎደለ ጥግ ሰው እንዲያሟላ የተሰጠው ግማሽ ሰዓት አለቀና ጥግህ ፈረሰ። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ ወደ ማርቪስ ብስኩት ሄዱ፤ የቀሩት ኮፍያቸውን እያደረጉ ወደ ቤታቸው። ዶይል ቲሸርቱን አውልቆ አጣጠፈው፤ የት እንደሚያስቀምጠው ግን ቸገረው።

ስለ ማንበቡ፣ አንተ ረስተኸው ከሆነ እኔ አልረሳሁትም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አንተ አሥራ ሦስት። በርህን ዘግተህ «አትረብሺኝ፣ ነገ ፈተና አለብኝ» ትለኝ ነበር። እኔ ከእናታችን የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ፣ ከዘር ከረጢት ላይ፣ ብርድ እንዳይገባ ጣሪያው ሥር ከለጠፍነው አሮጌ ጋዜጣ ላይ ለቃቅሜ ነው የተማርሁት። ጋዜጣው የተቀዳደደ ስለ ነበር የብዙውን ወሬ መጨረሻ እስከ ዛሬ አላውቅም። የዚያን ጊዜም አላለቀስሁም፤ ለማልቀስ ጊዜ አልነበረኝም።

በማግስቱ ጋዜጦቹ በተወለደበት ከተማ አሥራ ሦስት ሰው እንኳ የሚቆምለት አጣ ብለው ጻፉ። አራተኛ የወጣኸው በሌላውም አውራጃ ስላልወደዱህ ነው፤ ያንን እኔ ላይ አታላክክ። ነገር ግን አራተኛ መሆንህን ማንም አያነሣውም፤ የሚወራው አሥራ ሁለቱ ነው። ገንዘብ ይሰጡህ የነበሩት ሰዎች አሁን ስልክህን እንደማያነሡ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። አንዲት ጋዜጠኛ እስከ ከተማችን መጥታ ማን እንደጎደለ ስትጠይቅ ዋለች። ማርቪስ እንኳ ሳትቀር ሁሉም፣ «እኛ እንጃ፣ በረዶው ከባድ ነበር» አሏት። የኦርዴልን ሰው ብዙ ስለናቅሁት ይህችን አንዲት ነገር ልመስክርለት ብዬ ነው የጻፍሁልህ።

እንግዲህ የጠየቅኸኝን ነግሬሃለሁ። እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፤ ወደ ኒው ሃምፕሻየር የምትሄድ ከሆነም በሰላም ሄደህ በሰላም ተመለስ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ልጆችህን እሱ ይጠብቅልህ፣ እንዳንተ በየሰው ደጅ ከመዞርም ያውጣቸው። የምትለው ነገር ካለህ ጻፍልኝ፤ ቀስ ብዬም ቢሆን አነበዋለሁ። በስልክ ግን አንተዋወቅም።

ታላቅ እህትህ