አንድ ዓይን አድርገሽ ስለ ሣልሽኝ ሥዕል

ይድረስ ለእህቴ ለአስካለ፤

አስኩዬ፣ ከተለየሽን ሰባት ወር አለፈ። ጤናሽን አልጠይቅሽም። ከእንግዲህ የሚያምሽ ነገር እንደሌለ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ነግሮኛል፣ እኔም አምኛለሁ። የምጽፍልሽ ስለ መጽሐፉ ልነግርሽ ነው። ስለ መጽሐፉ ስነግርሽ ደግሞ ያደረግሁትን ነገር ሳልናገር አላልፍም። እንዳትቆጪኝ ብዬ አልለምንሽም፤ ተቆጪኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳለች። አባዬ አንቺ እያለሽ የጀመረውን የሱፍ ባና ሸምኖ ጨረሰ፤ ገበያ ያወጣዋል ስንል አጥፎ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው፣ ለማን እንደሆነም አልተናገረም። እማዬ አሁንም በአልጋሽ ግርጌ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። አልጋሽ እንደነበረ ነው። ብርድ ልብስሽን ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ መልሳ ታነጥፈዋለች፣ ድመቷ ብትወጣበት እንኳ ታባርራታለች። እኔም ከአልጋሽ ጠርዝ፣ ከቦታዬ፣ ተነሥቼ ነበር። የቤት ሥራዬን ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስሠራ ከረምኩ።

መጽሐፉ የመጣው አርባሽ ካለፈ በኋላ ነው። አሳታሚዎቹ ከአዲስ አበባ ሁለት ቅጂ ላኩልን። አንዱን እማዬ በነጠላዋ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ አንዱን እኔ ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሰጠሁት። አሥራ አንድ ሠዓሊዎች የየራሳቸውን በሥዕል የተነገረ ታሪክ ይዘው የገቡበት ወፍራም መጽሐፍ ነው። የታክሲ ረዳቱ ታሪክ በጣም ያስቃል። የውሃ ቦቴ ሹፌሩ ሥዕሉ ጥሩ ነው፣ መጨረሻው ግን ተቸኩሏል። አንዱ ደግሞ ሃያ ገጽ ሙሉ ዝናብ ብቻ ሣለ። መምህር ታደለ «ይህ ነው ጥበብ» አሉን፤ እኛ ዝናቡ እዚህም አለ አልናቸው። ያንቺ ስምንት ገጽ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነው። «የገበያ ቀን» የሚለው ርእስሽ እንደጻፍሽው በእጅ ጽሑፍሽ ወጥቷል፣ ከሥሩ ሙሉ ስምሽ አለ። በአሮጌ ካሌንደር ጀርባ ላይ የሣልሽው መሆኑን ማንም አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ አራተኛው ገጽ ላይ የጳጉሜ ቁጥሮች ከጀርባ በስሱ ይታያሉ።

ከቤት መውጣት ካቆምሽ በኋላ ያደረግነውን ታስታውሻለሽ። የታመመው ልብሽ ደጃፉን ለመሻገር እንኳ እምቢ ሲልሽ፣ በገበያ ቀን እኔ የሞላሌን ገበያ ዞሬ እመለሳለሁ። ከአልጋሽ ጠርዝ ተቀምጬ ያየሁትን እነግርሻለሁ፤ አንቺ እየሰማሽ ትሥያለሽ። «ጌቱ፣ ዛሬስ?» ትይኛለሽ። ታሪክሽም ይኸው ነው። በገጹ አናት ላይ ገበያው አለ፤ በየገጹ ግርጌ ደግሞ ገበያውን የሚያወራው ልጅ አለ።

ልጁ እኔ ነኝ። ስምንት ጊዜ አለሁ፣ ስምንቱንም ጊዜ በጎን ነኝ፣ በአንድ ዓይን።

መጽሐፉ በመጣ ቀን ይህን አይቼ ገጾቹን ደጋግሜ ገለጥኩ። ሽንኩርት ሻጯ ሁለት ዓይን አላት። ሰካራሙ ሁለት ዓይን አለው። በዝባዥ ያልነው በርበሬ ነጋዴ እንኳ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያየናል። እኔ ብቻ አንድ ዓይን ነኝ። ደግሞ የሥዕሉን ሕግ ያስተማርሽኝ ራስሽ ነሽ። ገና መራመድ በምትችዪበት ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እጄን ይዘሽ፣ «ጻድቁ ፊት ለፊት ነው፣ ሁለት ዓይን አለው፤ ክፉው በጎን ነው፣ አንድ ዓይን አለው» አልሽኝ። አንቺ የምታውቂውን ሕግ ረስተሽ ነው ልል አልቻልኩም።

ከዚያም ውሸቴ ትዝ አለኝ።

አንድ የገበያ ቀን አልሄድኩም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኳስ ስጫወት ዋልኩ። ስመለስ አንቺ ካርቶንሽን ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ ትጠብቂኛለሽ። አልሄድኩም ማለት አቃተኝና ድንች የጫነች አህያ ፎቶ ቤት ገባች አልኩሽ። አውሮፕላን ከተሣለበት መጋረጃ ፊት ቆመች፣ ፎቶ አንሺውም ደንግጦ አነሣት አልኩሽ። ሳልሽ እስኪያጣድፍሽ ሳቅሽ። ከዚያ ሣልሻት። መጽሐፉን ሳይ ያሰብኩት ይህን ነው፦ ውሸቴን አውቃ ነበር፣ በቃል ሳትነግረኝ በሥዕል ፈረደችብኝ፣ መልስ ልሰጣት ወደማልችልበትም ሄደች።

ተናደድኩብሽ፣ አስኩዬ። ሙት ላይ መናደድ ነውር ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ተናደድኩ። መምህር ታደለ መጽሐፉ አጠገብ የአስተያየት ደብተር አኑረው፣ እስክሪብቶው እንዳይጠፋ በሱፍ ክር ከጠረጴዛው ጋር አስረውት ነበር። የመጀመሪያውን አስተያየት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሜን አልጻፍኩም። «ሁሉም ሰው ሁለት ዓይን ሲኖረው ልጁ ለምን አንድ ዓይን ሆነ? ክፉ ነው ማለት ነው?» ብዬ ወጣሁ።

የተከተለውን ገምቺ። ከሥሬ አንዱ «በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አንድ ዓይን ያላቸው እነማን እንደሆኑ ለመንዝ ልጅ አይነገርም» አለ። ሌላው «እህቱ በደንብ ታውቀው ነበር ማለት ነው፣ ሃ ሃ» አለ። አንዷ «ነፍሷን ይማር፣ ግን ወንድም እንዲህ አይሣልም» አለች። ሜዳ ላይ ስሜ ተቀየረ። ኳስ ሲያመልጠኝ «አንድ ዓይና! በየትኛው ነው የምታየው?» ይሉኛል። ይህን ሁሉ በገዛ እጄ ነው ያመጣሁት። የአዲስ አበባ አንባቢዎች በቴሌግራም የሚጽፉት ግን ሌላ ነው። እነሱ ስለ ዓይን ግድ የላቸውም፤ የያዛቸው አህያዋ ናት። «አህያዋ ብቻ የመጽሐፉን ዋጋ ታወጣለች» ያለ አለ። አንዱ ደግሞ «ይህ በእውነት ያልደረሰ ከሆነ እንዲህ ሊሣል አይችልም» ብሎ ተከራከረ። አንብቤ መሬት ብትውጠኝ አልኩ።

መምህር ታደለ በቅን ልብ የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንሥተው ለመጽሐፉ አስተባባሪ ልከውላት ኖሯል። እሷም ጻፈችልኝ። መጽሐፉ ሁለተኛ ሊታተም ነው። የአካባቢሽ አንባቢ ቅር ስላለው ከሠዓሊዎቹ አንዱ በአንቺው አሣሣል ልጁን ፊት ለፊት አድርጎ ስምንቱንም ሊሥለው ይችላል፤ ቤተሰብ ከፈቀደ እስከ ዓርብ አሳውቁን አለች። በትሕትና ነው የጻፈችው። ፈቃዱን የጠየቀችው ከእኔ ነው፤ እማዬና አባዬ ስለ ዓይኑ ነገር ገና አልሰሙም ነበር፣ እኔም አልነገርኳቸውም።

መልስ ሳልሰጥ ደብተሩን እንደገና ልይ ብዬ ገባሁ። በመጨረሻው ገጽ፣ ገና መጻፍ የሚለማመድ ሕፃን በትልልቅ ፊደል «በድንቹ ውስጥ ያለችው ኳስ የማን ናት?» ብሎ ጽፏል። የምን ኳስ? መጽሐፉን ገልጬ አህያዋን አየሁ። በጭነቷ ላይ ከድንቹ መሃል አንዷ ድንች አይደለችም። የተሰፋች የጨርቅ ኳስ ናት፤ የኔው ኳስ፣ አንቺ ራስሽ በቀይ ክር የሰፋሽልኝ።

ታውቂ ነበር። እየሳቅሽ ስትሰሚኝ ሁሉ ታውቂ ነበር።

እንግዲያው ፍርዱ የታወቀ ነው አልኩ። ስልኬን አውጥቼ «እሺ፣ ይሣል» ብዬ ጻፍኩ። እንደምታውቂው ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ወጣሁ፤ የዚያን ቀን ግን እዚያም የለም። ስልኬን ወደ ሰማይ ይዤ እንደ ሞኝ ቆየሁ፣ መልእክቱ አልሄደም። ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ የንስሐ አባታችን ተቀምጠዋል። ወሬው ደርሷቸው እማዬን ሊያጽናኑ ነው የመጡት፤ ክፋት የለባቸውም። «ወንድሟን ከክፉዎቹ ወገን አድርጋ አለፈች ተብሎ ሲወራ ለነፍሷም ደስ አይልም። ካልቸገራቸው አንድ ዓይን ቢጨምሩበት ምናለ?» አሏት። እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምትሰማው። ወደ እኔ ዞራ «እውነት ነው?» አለች። አንገቴን ደፋሁ።

ተነሥታ መጽሐፉን ከሣጥኑ አወጣች። ፊደል እንደማትቆጥር ታውቂያለሽ፤ ሥዕሉን ግን ቀስ ብላ አየችው፣ እያንዳንዱን እኔን በጣቷ እየነካች። ከዚያ ያደረገችውን ብታዪ! ጫማዋን አወለቀች፤ ድመት የማታስቀርብበት አልጋሽ ላይ ወጣች፤ ራሷን ትራስሽ ላይ አድርጋ ጋደም አለች። የንስሐ አባታችን ደንግጠው ብድግ አሉ።

«ና፣ ከቦታህ ተቀመጥ» አለችኝ። ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጥኩ። «ደብተርህን ያዝ።» ያዝኩ። «እንደምታደርገው አድርግ።» ብርሃኑ በበሩ ስለሚገባ፣ እንደ ወትሮው ወደ በሩ ዞርኩ።

ከትራሱ ላይ ሆና አየችኝ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለአባታችን፣ «አባቴ፣ ልጄ ይህን ስትሥል ከዚህ ትራስ ተነሥታ አታውቅም። ሌላውን ዓይኑን ከየት ታምጣው?» አለቻቸው።

አስኩዬ፣ እኔ ስንት ወር ሙሉ ያልገባኝን እሷ እዚያ ላይ ተኝታ አየችው። ቀጥላም «ጆሮውን ይዩት» አለች። ግራ ጆሮዬ፣ ሕፃን ሆኜ የበጎቹ ጋጣ በር የቆረጠኝ፣ ጠባሳው ስምንቱም ላይ አለ፤ ጥፍር በምታህል መስመር። የገበያው ሰው ሁሉ ጆሮ አንድ ዓይነት ነው፣ እንደ ግድግዳው ቅዱሳን። የገበያውን ሰዎች መቼ አየሻቸው? ሁለት ዓይን ያላቸው ሁሉ ከወሬ የተሣሉ ናቸው። እኔን ግን እያየሽ ነው የሣልሽኝ። አባታችን መስቀላቸውን አውጥተው እማዬንም፣ አልጋውንም፣ እኔንም ባረኩና «እኔም እሷ ካየችበት ሳይሆን ከበሩ በኩል ሆኜ ነው የፈረድኩት» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ማለዳ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ያልሄደውን መልእክት አጠፋሁትና ሌላ ጻፍኩ። «ቤተሰቡ አልፈቀደም። ሠዓሊዋ ያየችውን ነው የሣለችው። አንዲት መስመር ብትነኩ ስምንቱንም ገጽ አውጥታችሁ መልሱልን፤ ያለ እሷ ገጾች መጽሐፋችሁን ማሳተም ትችላላችሁ» አልኩ። ወርጄ ለእማዬ ቃል በቃል አነበብኩላት፤ ጎበዝ አለችኝ። በዚያው መልእክት ለአስተባባሪዋ ስለ አህያዋም እውነቱን ነግሬያታለሁ፦ አህያ ፎቶ ቤት ገብታ አታውቅም፣ ኳሷን ግን እዩዋት አልኩ። መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። «ገባን። እንዳለ ይታተማል። ኳሷን ማናችንም አላየናትም ነበር» ይላል።

ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ፣ በሱፍ ክር የታሰረውን እስክሪብቶ አንሥቼ፣ ከመጀመሪያው አስተያየት ሥር ስሜን ጻፍኩ። «ይህን የጻፍኩት ወንድሟ ጌቱ ነኝ። ተሳስቻለሁ። እኔን ፊት ለፊት ማየት የፈለገ ሜዳ ላይ ያገኘኛል» አልኩ። ለሕፃኑም «ኳሷ የኔ ናት» ብዬ መለስኩለት። አንድ ዓይና ማለታቸውን አልተዉም። ይበሉ! አሁን ሲጠሩኝ በገዛ ፈቃዴ ዞር እላለሁ። ስሙን ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፣ ከትራስሽ ላይ ሆነሽ። ለሌላ ሠዓሊ አላስረክበውም፤ ለግድግዳው ሕግም ለልጆቹ ሳቅም አላስረክበውም።

አባዬም የሆነውን ሰማ። ባናውን ከሣጥኑ ላይ አንሥቶ አልጋሽ ላይ አነጠፈውና «ይቀመጥበት፣ ልጁ ብርሃን ይፈልጋል» አለ።

ይህን የምጽፍልሽ እዚያው ተቀምጬ ነው። ዛሬ የገበያ ቀን ነበር፤ ሄጃለሁ፣ በእውነት። ፎቶ ቤቱንም አለፍኩት፤ አውሮፕላን ያለበት መጋረጃ ደብዝዟል፣ ፎቶ አንሺው በሩ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይበላል፣ አህያ የለም። ሽንኩርት ሻጯን ጠጋ ብዬ አየኋት፤ አንቺ እንደሣልሻት አይደለችም፣ ከጉንጯ ላይ ጠቃጠቆ አለባት፤ ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ። ካሁን በኋላ ሁሉንም አስተውዬ አይቼ እመጣለሁ። በየገበያ ቀኑ ከዚሁ ጠርዝ ላይ፣ ፊቴን ወደ በሩ፣ የተቆረጠ ጆሮዬን ወደ ትራስሽ አድርጌ እቀመጣለሁ። እንዳየሽኝ እቆያለሁ።

ወንድምሽ ጌቱ