ያላወጣሁልሽ ተዝካር

ውድ ባለቤቴ አስቴር፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀርተዋል። እኔ ደህና ነኝ፤ በጡረታ ወጥቼ ቤት መዋል ጀምሬያለሁ። ንፋስ ስልክ እንደተውሽው ነው። ስኳር ዛሬም የሚታደለው በቀበሌ ነው፤ የእናንተ ጸሎት ቤትም እንደታሸገ ነው። ወዳጆችሽ ግን ዛሬም በየቤቱ በተራ እየተሰበሰቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። በእኛ አንዲት ክፍል ስትሰበሰቡ እኔ ደጃፍ ተቀምጬ የተማሪ ደብተር አርም ነበር። መንገደኛ ሲጠይቀኝ "እንግዳ አለብን" እል ነበር፤ ውሸት አልነበረም።

እምነትሽን በለወጥሽ ሰሞን የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ባለቤት አረፉ። ልታግዢ ብትሄጂ የግቢው ሴቶች "ጴንጤ የነካውን ማን ይበላል?" ብለው ከሊጡ አስነሡሽ። አላኮረፍሽም። ባልዲሽን አንሥተሽ ቦኖ ወረድሽ፤ ሦስቱንም ቀን ለለቅሶ ቤቱ ውኃ ቀዳሽ። አንዷ ውኃውንም በጥርጣሬ ስታየው "ከቦኖ ነው እኮ እቴ፤ አልጸለይኩበትም!" ብለሽ ለቀስተኛውን አሳቅሽ። እትዬ ዘነበች እንኳ በነጠላቸው ተሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ማንም ከሥራ አስነሥቶሽ አያውቅም። ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ለማንም ማስተማር አልቻልሁም።

አሁን የቸገረኝ የእነዚያው ሴቶች ፍቅር ነው። "የአስቴር ተዝካር መቼ ነው?" ይሉኛል። እትዬ ዘነበችማ ጌሾ ወቅጠዋል። አንቺ ደግሞ በሕመምሽ ጊዜ "ተዝካር እንዳታወጣልኝ፤ እኔ በጌታዬ እጅ ነኝ" ብለሽ ቃል አስገብተሽኛል። ይህንኑ ለእርሳቸው ብነግራቸው "መምህር፣ እንዴት ለነፍሷ ቁራሽ ይነፍጋሉ?" ብለው አለቀሱ። ለእኔም ቀላል አይደለም። በአባቶቹ ሃይማኖት ላለ ሰው ለሚስቱ ተዝካር አለማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ግን አንቺ በሕይወት ሳለሽ ወደ እምነትሽ ጎትተሽኝ አታውቂም። ረቡዕና ዓርብ ሽሮዬን በዘይት ትሠሪልኝ ነበር፤ አንቺ ባትጾሚም ለብቻዬ እንዳልበላ ከእኔው ትሪ ትቆርሺ ነበር። ስለዚህ ቁርጡን ለእትዬ ዘነበች ነግሬያቸዋለሁ። ዓመትሽ በሚሞላበት ቀን ድግስ የለም፤ ወዳጆችሽን እጠራለሁ፤ እነርሱም ይዘምራሉ። እርሳቸውም እንዲመጡ ለምኛቸዋለሁ፤ ቢመጡ አጠገቤ አስቀምጣቸዋለሁ።

አስቴርዬ፣ እኔ ስሞት ተዝካሬን ያውጡልኝ። አንቺን ግን በሕይወት እስካለሁ የማስብሽ አንቺ እንደወደድሽው ነው፤ እኔ እንደወደድሁት አይደለም።

ባለቤትሽ